ያላስደነገጠው መንቀጥቀጥ፦ የሜንታዋይ ደሴቶችና የጥቅምት 2003ቱ ሱናሚ

ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 25 ቀን 2010። በአካባቢው ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ፣ ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በስተምዕራብ ባሉት የሜንታዋይ ደሴቶች መሬቱ መወዛወዝ ጀመረ። ብዙው ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ሊተኛ ነው። ውዝዋዜው ከባድ አልነበረም። በመንቀጥቀጡ ብቻ የፈረሰ ቤት እምብዛም የለም። ግን ቶሎ አላቆመም። ከደቂቃ በላይ ቆየ። አንዳንዱ ተነስቶ ወጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ ምንም የለም። ተመልሶ ጋደም አለ።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ባሕሩ መጣ። በዚያ ሌሊት ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ስለ ሱናሚ ሲወራ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የታኅሣሥ 17 ቀን 1997ቱን ነው። እሱ ማዕበል ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጎረቤታችን ሶማሊያ ድረስ ደርሷል፤ ሐፉን አካባቢ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። የሜንታዋዩ ከሱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔ ግን ከትልቁ ይልቅ ይሄኛው ያሳስበኛል። ምክንያቱም የሞቱት ሰዎች ስለ ሱናሚ ያልሰሙ አልነበሩም። ያውቁ ነበር። የሚያውቁት ምልክት ግን በዚያ ምሽት አልመጣም።

ደሴቶቹና ከጎናቸው ያለው ገደል

ሜንታዋይ ከሱማትራ ጠረፍ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ርቀው በረድፍ የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው። ትልልቆቹ አራት ናቸው፦ ሲቤሩት፣ ሲፖራ፣ ሰሜን ፓጋይና ደቡብ ፓጋይ። በአስተዳደር ከምዕራብ ሱማትራ ክፍለ ሀገር ጋር ናቸው፤ ወደ ዋናው ምድር የሚያገናኛቸው ከተማም ፓዳንግ ነው። በውጭው ዓለም የሚታወቁት በሞገድ ላይ ለሚንሸራተቱ ቱሪስቶች ነው። ለራሳቸው ሰዎች ግን ሕይወት ማለት ኮኮናት፣ ዓሣ፣ የጓሮ እርሻና ጀልባ ነው።

የሜንታዋይ ሕዝብ ድሮ በአብዛኛው የሚኖረው ከባሕር ራቅ ብሎ፣ በወንዞች ዳርና በጫካ ውስጥ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት ሰፈራ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤትና የኮኮናት ንግድ ብዙ ሰው ወደ ጠረፍ አወረዱ። ይህን ወቀሳ ለማድረግ አይደለም የማነሳው። ትምህርት ቤትና ገበያ ባለበት መኖር ማንም የሚመኘው ነው። ግን ሰው ወደ አሸዋው ሲወርድ ወደ አደጋውም ቀርቧል።

አደጋው በምዕራብ በኩል ነው ያለው። ከደሴቶቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ወጣ ሲባል፣ የባሕሩ ወለል ወደ ሱንዳ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል። ጥልቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ያለው የምድር ቅርፊት ክፍል፣ ሳይንቲስቶች ፕሌት የሚሉት፣ ሱማትራን በተሸከመው ፕሌት ሥር ይገባል። ፍጥነቱ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። በመቶ ዓመት ግን 5 ሜትር ነው።

ሁለቱ ፕሌቶች በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብዙው ቦታ ተጣብቋል፣ አይንሸራተትም። ታችኛው ወደ ውስጥ ሲገባ የላይኛውን ጠርዝ አብሮ እየጎተተ ያጎብጠዋል። አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም መቶ ዓመታት እንዲህ ይጠራቀማል። የተጣበቀው ሲላቀቅ የላይኛው ጠርዝ በአንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ ይወረወራል፣ ወለሉም ከፍ ይላል። ከላዩ ያለው ውሃ መሄጃ ስለሌለው እሱም ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የውሃው ጉብታ ለመስተካከል ሲል በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ሱናሚ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ሱናሚን የሚፈጥረው ንዝረቱ አይደለም። የባሕሩ ወለል ቦታ መቀየሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል። አንድ አይደሉም። ወለሉን ሳያነሳ ከተማ የሚያፈርስ መንቀጥቀጥ አለ። ከተማ ሳያፈርስ ወለሉን የሚያነሳም አለ።

ሰዎቹ ከዚያ በፊት ያዩት

የሜንታዋይና የፓዳንግ ሰዎች ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመሬት መንቀጥቀጥ ያላዩበት ዓመት ያለ አይመስልም። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

በዲሴምበር 2004 በሰሜን ሱማትራ የአቼው መጣ፤ ከላይ ያነሳሁት የታኅሣሥ 1997ቱ ማለት ነው፤ 9.1 መጠን። ከሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ያለችው የሲሙሉዌ ደሴት ሰዎች በዚያ ቀን ያደረጉት ነገር በመላው ኢንዶኔዥያ ተወራ። ቅድመ አያቶቻቸው በ1907 ሱናሚ አይተው ነበር። ልጆቻቸውን ያስተማሩትም አንድ ነገር ነው፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ ማንንም ሳትጠብቅ ኮረብታ ውጣ። ወጡም። ወደ 78 ሺህ ከሚጠጋው ነዋሪ በማዕበሉ የሞቱት 7 ሰዎች ናቸው። ይሄ ከየትኛውም ቴክኖሎጂ የሚበልጥ ውጤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በማርች 2005 ኒያስ ደሴት ላይ 8.6 መታ። ሕንፃዎች ወደቁ፣ ብዙ ሰው ሞተ። የተፈራው ትልቅ ሱናሚ ግን አልመጣም።

ከዚያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007። ይሄን ቀን እኛ አንረሳውም፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። እኛ አዲሱን ሚሊኒየም በምንቀበልበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እነሱ ዘንድ ለመምሸት ሲቃረብ፣ ከሱማትራዋ ቤንግኩሉ ጠረፍ ወጣ ብሎ 8.4 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ተነሳ። በነጋታው ንጋት ደግሞ 7.9 ጨመረ። የፓጋይ ደሴቶች ክፉኛ ተናጡ። ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ማዕበል መጥቷል፤ ግን መንደር የሚያጠፋ አልነበረም።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 2009 ፓዳንግ ራሷ በ7.6 ተመታች። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሆቴልና ትምህርት ቤት ተደረመሰ። የመንቀጥቀጡ መነሻ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስለነበር የባሕሩን ወለል ብዙም አላነሳም። ሱናሚ የሚባል አደጋ አልተከተለም።

እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መሬቱ አቅላችሁን እስክትስቱ ናጣችሁ። ሦስቱንም ጊዜ የፈራችሁት ማዕበል ቀረ። በአራተኛው ምሽት ደግሞ መሬቱ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። ከሞቀ አልጋ ተነስቶ፣ ልጅ ታቅፎ፣ በጨለማ ጫካ ለጫካ ወደ ኮረብታ የሚሮጥ ስንቱ ነው? የተኙት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ከገዛ ልምዳቸው የተማሩትን ነው ያደረጉት። ልምዳቸው ግን ያለፉትን መንቀጥቀጦች ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ቀርፋፋው መንቀጥቀጥ

የ2010ሩ መንቀጥቀጥ የተነሳው ፕሌቶቹ ከሚነካኩበት ገጽ ላይኛው ጫፍ፣ ከጥልቁ ሸለቆ አጠገብ ነው። በጣም ጥልቀት የሌለው ቦታ ማለት ነው። እዚያ ያለው ድንጋይ ጠንካራ አይደለም፤ ለዘመናት ከባሕር ወለል ላይ እየተፋቀ የተከመረ ደለል ይበዛበታል። ስለዚህ የተጣበቀው ሲላቀቅ የሚሄደው ስንጥቅ በፍጥነት አልሄደም። በተለመደው መንቀጥቀጥ ስንጥቁ በሰከንድ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የሜንታዋዩ የተጓዘው በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

በርን በኃይል ወርውራችሁ ብትዘጉት ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ማንም አይሰማም። በሩ ግን በሁለቱም መንገድ ተዘግቷል። እዚያ ምሽት የሆነው ሁለተኛው ነው። ወለሉ በብዙ ሜትር ተንሸራተተ። የተንሸራተተው ግን ረጋ ብሎ ነው። ሰውና ቤት የሚሰማቸው ፈጣኑ ንዝረት ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ነበር። ውሃው ግን ለፍጥነቱ ደንታ የለውም። ሁለት ደቂቃ ለውቅያኖስ ምንም ማለት አይደለም፤ ወለሉ ከፍ ካለ ውሃውም ከፍ ይላል።

የዚህ ዓይነት መንቀጥቀጥ ለሳይንሱ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው የሴይስሞሎጂ ሊቅ ሂሮ ካናሞሪ በ1972 ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ ለይቶታል፤ ከንዝረቱ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ሱናሚ የሚያመጣ ማለት ነው። በ1896 በጃፓን ሳንሪኩ ጠረፍ የሆነው እንዲሁ ነበር። መንቀጥቀጡ እምብዛም አላስደነገጠም፣ ማዕበሉ 22 ሺህ ገደማ ሰው ጨረሰ። በ1992 በኒካራጓ፣ በጁላይ 2006 ደግሞ በጃቫ ደቡባዊ ጠረፍ ፓንጋንዳራን ላይ ተደገመ። የፓንጋንዳራኑ ከሜንታዋይ አራት ዓመት ብቻ ይቀድማል፤ ያውም እዚያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከ600 በላይ ሰዎች የሞቱበት። ያ ትምህርት ፓጋይ ደሴት ላይ ላሉት መንደሮች ሳይደርስ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማሽኖቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ ተታለዋል። የኢንዶኔዥያ የሜትሮሎጂና ጂኦፊዚክስ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የገመተው 7.2 ነበር። በኋላ 7.7 ሆነ፤ 7.8 የሚሉም አሉ። በመንቀጥቀጥ መጠን መለኪያ ላይ የነጥብ አምስት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። በጉልበት ሲሰላ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥ አዲስ አበባ ውስጥ በሌሊት ከአልጋችሁ የተነሳችሁ ሰዎች፣ ሰውነት የሚሰማውና መሣሪያ የሚመዘግበው አንድ እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። የእኛው ምድር ሲለያይ የሚመጣ ነው፣ ባሕርም የለውም፤ መሠረታዊው ነገር ግን ያው ነው።

በደሴቶቹ ላይ ቀድሞ የተተከሉት የጂፒኤስ ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩን። የሲንጋፖር የምድር ጥናት ተቋምና የኢንዶኔዥያ ሳይንቲስቶች የሚከታተሏቸው ናቸው። ደሴቶቹ በዚያ ምሽት ወደ ሸለቆው የተጠጉት ከሩብ ሜትር ባነሰ ነው። ሱናሚው ግን ግዙፍ ነበር። ይህን የሚያስታርቀው መልስ አንድ ነው፦ ትልቁ መንሸራተት የተካሄደው ከደሴቶቹ ርቆ፣ ሸለቆው ጠርዝ ላይ፣ በጥልቅ ውሃ ሥር ነው።

ጥልቀቱ ደግሞ ጉዳቱን ያከብደዋል። ሱናሚ 5,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ጥልቀቱ 50 ሜትር ሲሆን ወደ 80 ይወርዳል፣ 10 ሜትር ሲሆን ከ40 ያንሳል። ከፊት ያለው ሲዘገይ ከኋላ ያለው ይደርስበታል። ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱ ያድጋል። በጥልቁ ላይ ያለ ጀልባ ሳያስተውለው የሚያልፈው ከፍታ፣ ጠረፍ ላይ ከቤት በላይ ይሆናል።

ጠረፉ ላይ

በኋላ የሄዱት የጥናት ቡድኖች በዛፍ ላይ የቀረ ፍርስራሽ፣ የተላጠ ቅርፊትና በጨው የደረቀ ቅጠል እየተከተሉ የውሃውን ከፍታ ለኩ። በፓጋይ ደሴቶች ምዕራባዊ ጠረፍ ብዙ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 9 ሜትር ነበር። ሲቢጋው በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ከ16 ሜትር በላይ ደርሷል፤ የአምስት ፎቅ ቁመት ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከጠረፉ ቅርጽ ነው። አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚጠብ የባሕር ወሽመጥ ውሃውን ሰብስቦ ከፍ ያደርገዋል። ትንንሽ ደሴቶች ደግሞ ማዕበሉን አይመልሱትም፤ ዙሪያቸውን ያቅፋቸውና ከኋላ ይገናኛል። ከፊታቸው ያለው የኮራል ግድግዳ የዕለት ተዕለቱን ሞገድ ይሰብራል፣ ሱናሚን ግን አይሰብርም። የዕለቱ ሞገድ በየጥቂት ሰከንዱ የሚመጣ የላይኛው ውሃ ነው። ሱናሚ ግን ለደቂቃዎች የማያቋርጥ የውሃ ግፊት ነው። ያውም አንዴ አይደለም፤ እየተመለሰ ይመጣል።

ክፉኛ ከተጎዱት መንደሮች አንዱ ሙንቴይ ባሩ ባሩ ነው፤ ሰሜን ፓጋይ ላይ ያለ፣ ሜዳ ላይ የተሠራ የጠረፍ መንደር። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል ወንዝ። ኮረብታው ቅርብ አይደለም። ውሃው በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ውስጥ ገባ፤ ቤቶቹን ከመሠረታቸው ነቀላቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው መትረፍ የሚችለው መንቀጥቀጡ ሳያበቃ ወይም እንዳበቃ ከተነሳ ብቻ ነው። ከባሕሩ የመጣውን ትልቅ ጉምጉምታ ሰምተው የሮጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ ተረፉ። ብዙዎቹ ግን ድምፁ ሲሰማ ጊዜው አልቆ ነበር።

ሕፃናትና አረጋውያን በብዛት አለቁ። ማታ ነው፣ መብራት የለም፣ ልጅ ተኝቷል።

ማስጠንቀቂያውስ?

ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወጣ። ይሄ በየትኛውም አገር ቢሆን ጥሩ የሚባል ፍጥነት ነው። ጃካርታ ደረሰ፣ ፓዳንግ ደረሰ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። የፓጋይ ምዕራባዊ መንደሮች ግን ሳይረን አልነበራቸውም። ስልክም መንገድም በቅጡ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማስጠንቀቂያው ተሰረዘ፤ እዚያ ግን መንደሮቹ ጠፍተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ባሕር ላይ የተተከሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ይሠሩ ነበር ወይስ አልነበረም? ማን ጠበቃቸው? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶባቸዋልና። ግን የሚሞቱትን ሰዎች አያድኑም ነበር። መሣሪያው ማዕበሉን ለክቶ፣ ወደ ሳተላይት ልኮ፣ ሰው አይቶት፣ ውሳኔ ተሰጥቶ፣ መልእክቱ እስኪወርድ ድረስ ማዕበሉ ፓጋይ ደርሷል። ተንሳፋፊው የሚጠቅመው ርቆ ላለው ነው፤ ለሱማትራ ዋና ጠረፍ፣ ለስሪላንካ፣ ለሶማሊያ። ከሸለቆው አጠገብ ያለ ደሴት ያለው ማስጠንቀቂያ የራሱ መሬት ብቻ ነው።

እርዳታውም ዘገየ። ባሕሩ ተናውጦ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ጀልባ ከፓዳንግ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በነጋታው ደግሞ ጃቫ ላይ የመራፒ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የአገሩ ዓይን ለሁለት ተከፈለ። ፕሬዚዳንት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ ሃኖይ ከነበረው ስብሰባ አቋርጠው ወደ ደሴቶቹ መጡ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል።

ወደ ኮረብታ መውጣት

መንግሥት የተረፉትን ከጠረፍ አንስቶ ወደ ደሴቶቹ ውስጥ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ለማስፈር ወሰነ። ለደኅንነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ለኑሮ ግን ከባድ ነበር። ሰዎቹ ዓመታት በጊዜያዊ መጠለያ ቆዩ። አዲሶቹ መንደሮች ከባሕርና ከድሮው የኮኮናት ማሳ ርቀዋል። ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን የት ያስራል? ስለዚህ ብዙው ቀን ቀን ወደ ድሮው መንደር እየወረደ ሠርቶ ይመለሳል። ቤት መሥራት ብቻውን ሰፈራ አይሆንም፤ ሰው የሚበላበት ሥራ ካልተከተለው ቀስ በቀስ ወደ አሸዋው ይመለሳል።

ሌላው ያላለቀ ነገር ከመሬቱ ሥር ነው። በደሴቶቹ ዙሪያ ያሉ ትልልቅ ኮራሎች በየዓመቱ ሲያድጉ የባሕሩን ከፍታ በአካላቸው ላይ ይመዘግባሉ። ደሴቱ ከፍ ሲል አናታቸው ይሞታል፣ ሲወርድ ወደ ላይ ያድጋሉ። የምድር ሳይንቲስቶቹ ኬሪ ሲህና ዳኒ ናታዊድጃጃ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አንብበው በ1797 እና በ1833 እጅግ ትላልቅ መንቀጥቀጦች እንደነበሩ አረጋገጡ። ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው በየሁለት መቶ ዓመቱ ገደማ እንደሚደጋገም አዩ። የ2007ቱም የ2010ሩም የተጠራቀመውን በሙሉ አላስለቀቁትም። በተለይ ሲቤሩት ሥር ያለው ክፍል አሁንም እንደተጣበቀ ነው።

ዛሬ በኢንዶኔዥያ ጠረፎች አንድ ቀላል ሕግ ይሰጣል፦ መንቀጥቀጡ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ 20 ደቂቃ አለህ፣ 20 ሜትር ከፍታ ውጣ። የመጀመሪያው ክፍል ደስ ይለኛል። ስለ ኃይሉ አይጠይቅም፣ ስለ ርዝመቱ ነው የሚጠይቀው። በጨለማ ውስጥ ያለ ሕፃን እንኳን ሊቆጥረው ይችላል። ሁለተኛው ክፍል ግን ለፓጋይ አይሠራም። እዚያ 20 ደቂቃ አልነበረም፤ ግማሹ ቢኖር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ደሴት ቁጥሩ ተለይቶ መነገር አለበት ብዬ አስባለሁ። መንገዱም ከመንደሩ መሐል እስከ ኮረብታው ድረስ ተጠርጎ፣ በጨለማ የሚታይ ምልክት ተደርጎበት።

በኤፕሪል 25 ቀን 2023፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከሲቤሩት አቅራቢያ 7.1 መታ። ማስጠንቀቂያ ወጣ። ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን አልጠበቀም፤ በጨለማው ወደ ከፍታ ወጣ። ፓዳንግ ውስጥም መንገዶች በመኪናና በሞተር ሳይክል ተጨናነቁ። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ማስጠንቀቂያው ተሰረዘ። ባሕሩ ላይ የተለካው ከፍታ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነበር። ሲነጋ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ወረዱ።